ባለጉድጓዲቱ

ሸረሪት ሲባል በሁላችንም አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ድር ነው። ድር አድርታ የማታጠምድ ሸረሪት አለች ቢሉን፥ ማር የማትሠራ ንብ አለች እንደ ተባልን ያህል እንገረማለን። (ማር የማትሠራ ንብስ አለች፤ እንዲያውም የሚበዙት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ ግን ይህ የሌላ ቀን ነገር ይሁን።) በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ንግግር የሚያደርግ ሰውም ሁሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሳይል ከመድረክ አይወርድም። ባዕዳን ይህን ምሳሌ ሲተረጕሙት የሸረሪት ድር ያደርጉታል። እኔ የሸማኔ ጎረቤት ሆኜ፥ ድርና ማግ ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ስለ ሆንሁ ለሸማኔው አደላለሁ። የሆነ ሆኖ ዛሬ የማነሣት ሸረሪት በዚህ ምሳሌ ውስጥ ቦታ የላትም። ድርዋን ከማንም ጋር አታብርም፤ አንበሳም አታስርም። መሬት ቆፍራ፥ ጉድጓድዋ ውስጥ ገብታ፥ ብቻዋን ዕድሜዋን ትጨርሳለች።

አገርዋ የኬንያና የታንዛንያ የሣር ሜዳና የግራር ቍጥቋጦ ነው። የሳይንስ ስምዋ ፔሊኖቢየስ ሙቲከስ ይባላል። በኤውሮፓና በአሜሪካ በመስታወት ሣጥን የሚያኖሯት ሰዎች ደግሞ «ንጉሥ ዝንጀሮ ሸረሪት» ይሏታል። ዝንጀሮ መባልዋ በጠባይዋ አይደለም፤ የአፍሪካ ታላላቅ ባለጠጕር ሸረሪቶች የእግራቸው ጫፍ የዝንጀሮ ጣት ስለሚመስል ነው። ንጉሥ የሚለውን ግን ንግሥት ቢሉት ይሻል ነበር፤ ትልቋም፥ ረዥም ዕድሜ የምትኖረውም ሴቲቱ ናትና። እግርዋን ስትዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ 20 ሳንቲሜትር ትደርሳለች፤ ይኸውም የትልቅ ሰው እጅ ከነጣቱ ሲዘረጋ ማለት ነው። ጠጕርዋ አጭርና እንደ ከፋይ የለሰለሰ፥ መልክዋም የዛገ ብረት የመሰለ ነው። የኋላ እግሮችዋ ከሌሎቹ ወፍረው እንደ ቀስት ጐብጠዋል። መሬት ረግጣ ወደ ኋላ ስትገፋ ያያት ሰው ለምን እንደ ጐበጡ አይጠይቅም።

እኔ ያየኋት ባለፈው ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ለመስክ ልምምድ በሄድሁበት በደቡብ ኬንያ ነው። የሄድሁት ለእርስዋ አልነበረም። የግጦሽ ሣር ዓይነቶችን ለሚቈጥሩ ተመራማሪዎች ካስማ የሚተክልና ገመድ የሚይዝ ረዳት ተፈልጎ፥ ዕጣው ለእኔ ስለ ደረሰኝ በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ወረድሁ። የመንደሩን ስም አልጽፍም፤ ምክንያቱን አንባቢ ወደ ኋላ ያገኘዋል። ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ በሚወርደው መንገድ በኩል ካለው ቀይ አፈር አንዱ ነው ብዬ ልለፈው። ያን አካባቢ ዓለም የሚያውቀው በአንበሶቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 በጻቮ ወንዝ ላይ የባቡር ድልድይ የሚሠሩትን ሰዎች እየነጠቁ የበሉት ሁለቱ አንበሶች ዛሬም ድርቆሽ ሆነው በቺካጎ ቤተ መዘክር ቆመዋል። አንበሳ ሆኖ ሰው ካልበሉ፥ ሸረሪትም ሆኖ ካላስደነገጡ፥ የሚጠይቅ የለም መሰለኝ።

ያሳዩኝ የሰፈራችን የሌሊት ጠባቂ ናቸው። እኛ «አባባ» እንደምንለው እዚያ ሽማግሌውን ሁሉ «ምዜ» ስለሚሉ፥ እኔም ምዜ እያልሁ ነበር የምጠራቸው። አንድ ማታ ከዝናብ በኋላ ባትሪ አስይዘውኝ ከድንኳናችን ሃምሳ እርምጃ ያህል ወሰዱኝና አንድ ቀዳዳ አሳዩኝ። አፉ የሻይ ብርጭቆ ያህል ይሰፋል፤ ዙሪያው በስስ ነጭ ሐር ተለብጧል። ምዜ ረዥም የሣር አገዳ ቀጥፈው ቀስ ብለው አስገቡና ጫፉን ነካ ነካ አደረጉት። ትንሽ ቆይቶ አገዳው ከእጃቸው ተሳበ። የዓሣ መንጠቆ የሚስብ ሰው የሚሰማው ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ምዜ ሳቁና «ቡይቡይ» አሉ። ቡይቡይ በስዋሂሊ ሸረሪት ማለት ነው፤ በባሕሩ ዳር ያሉ ሴቶች የሚለብሱት ጥቁር መጐናጸፊያም በዚሁ ስም ይጠራል።

እንግዲህ ያ ነጭ ሐር ወጥመድ አይደለም። ሸረሪቲቱ ስምንት ዓይን እያላት ብዙ አታይም፤ ዓይኖችዋ ጥቃቅን ናቸው። የምታየው በእግርዋ ነው ቢባል ይቀላል። ማታ ወደ ጉድጓድዋ አፍ ብቅ ትልና እግርዋን በሐሩ ላይ አሳርፋ ትቀመጣለች። ጥንዚዛ ወይም በረሮ ሐሩን ሲረግጥ ንቅናቄው ይደርሳታል። ዘላ ይዛ ትመለሳለች። ከቤትዋ የምትርቀው በእግር ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው። ሌሎች ሸረሪቶች አየር ላይ የሚያጠፉትን ክር እርስዋ ለደጃፍ ደወልና ለግድግዳ ልባስ አደረገችው። ጉድጓዱ እስከ 2 ሜትር እንደሚወርድ ተጽፏል። እኔ አልለካሁም፤ ሳያፈርሱ የሚለካበት መንገድ የለምና።

ስለ ሰውነትዋ ጥቂት ልናገር፤ የሥነ ሕይወት ተማሪ ያልሆነ አንባቢም አይሰለቸውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሳንባዋ እንደ መጽሐፍ ገጽ በስሱ የተደራረበ ነው፤ ሁለት ጥንድ አላት። (በፈተና ሰሞን እኛ መጽሐፍ በብብታችን ይዘን ስንዞር፥ እርስዋ በሆድዋ ይዛ ትዞራለች።) ደምዋ ኦክሲጅን የሚሸከመው በብረት ሳይሆን በመዳብ ስለሆነ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው እግርዋ ነው። የምታጥፍበት ጡንቻ አላት፤ በትልልቆቹ መጋጠሚያዎች ላይ ግን የምትዘረጋበት ጡንቻ የላትም። የምትዘረጋው ደምዋን ወደ እግርዋ እየገፋች ነው። የሞተች ሸረሪት እግርዋ ወደ ውስጥ ተኰራምቶ የምናገኘውም ስለዚህ ነው፤ ደሙን የሚገፋው ኃይል ቆሟልና። ጥርሶችዋ እንደ ቤታችን ሸረሪት እንደ መቀስ አይገጣጠሙም፤ እንደ ሁለት ዶማ ጎን ለጎን ወደ ታች ይወርዳሉ።

ሴቲቱ ከሃያ ዓመት በላይ ትኖራለች። የምታድገው እጅግ ቀስ ብላ ነው፤ በየጊዜው ቆዳዋን እየጣለች ለአካለ መጠን እስክትደርስ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ፤ ከደረሰችም በኋላ ቆዳ መለወጥዋን አታቆምም። ወንዱ ግን ሌላ ነው። አነስ ብሎ፥ እግሩ ቀጥኖ፥ አንዴ ለአካለ መጠን ከደረሰ ወዲያ ቆዳ አይለውጥም። ጉድጓዱን ትቶ በዝናብ ወራት ሴት ፍለጋ ሲንከራተት ዕድሜው ያልቃል። አንዱ ወደ መብራታችን መጥቶ ነበር። ሴቲቱ ደጅ ሲደርስ በእግሩ መሬቱን እንደ ከበሮ ይመታል፤ እንዳትበላው ማንነቱን ማስታወቁ ነው። ከዚህ በላይ ስለ ወንዱ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ ቍጣዋ ልምጣ፤ ዝናዋ እርሱ ነውና። የአሜሪካ ታላላቅ ሸረሪቶች ሲነኩ ከሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ጠጕር በእግራቸው እየጠረጉ ይበትናሉ። የአፍሪካዎቹ ይህ መሣሪያ የላቸውም። ስለዚህ እርስዋ ስትነካ የፊት እግሮችዋን ወደ ላይ አንሥታ፥ ጥርስዋን ገልጣ፥ ትቆማለች። ከአፍዋ አጠገብና ከፊት እግሮችዋ ሥር ያሉትን ጠንካራ ጠጕሮች እያፋተገችም ድምፅ ታሰማለች፤ ትኩስ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል የሚሰማውን ዓይነት። ይህ ሁሉ «ሂድልኝ» ማለት ነው። ሰውዬው ካልሄደ ትነክሳለች።

ንክሻዋ ሰው ገደለ ተብሎ የተመዘገበ ነገር የለም፤ ሕመሙ ግን ብርቱ ነው። የሕመሙን ምክንያት ያገኙት በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የታተመ ጥናት ከመርዝዋ ውስጥ ፒኤም1ኤ የተባለች አንዲት የፕሮቲን ቅንጣት ለይቶ አወጣ። ሕመምን ወደ አንጎል የሚያደርሱት ነርቮቻችን በሮች አሏቸው። ሶዲየም ሲገባ ነርቩ ይጮኻል፤ ፖታሲየም ሲወጣ ዝም ይላል። ይህች ቅንጣት ብዙውን ጊዜ መርዝ እንደሚያደርገው አንድ በር ብቻ አትነካም፤ የመግቢያውን ታሰፋለች፥ የመውጫውንም ታጠባለች። በዚህ ምክንያት ነርቩ ትንሹንም ነገር ትልቅ አድርጎ ይጮኻል። ሥጋውን እምብዛም ሳትጐዳ ሕመሙን ብቻ ትልካለች ማለት ነው። ስለ ሥር የሰደደ ሕመም የሚያጠኑ ሐኪሞች ይህን ለመረዳት ሲሉ መርዝዋን ይፈልጉታል። ለእኔ ግን ነገሩ ከሕክምናው በፊት ደስ አሰኝቶኛል። ለትልቅ እንስሳ የተላከ መልእክት ነው፤ የሚበላትን ሳይሆን የሚረግጣትን ለመመለስ የተዘጋጀ።

እናቴ በስልክ ይህን ስነግራት «እግዜር ይይልህ! ሸረሪት ለማየት ነው ድንበር የተሻገርኸው?» አለችኝ። ወዲያውም ፊቴ ላይ አንዳች ነገር እንዳልወጣ ጠየቀችኝ። በእኛ ቤት አንድ ሰው ፊቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ይዞ ካደረ «ሸረሪት ሸንታብህ ነው» ይባላል። በዚያው ሰሞን ከጓደኞቼ አንዱ በእርግጥ አንገቱ ላይ እንዲህ ያለ ሽፍታ ይዞ ተነሣ። ሸረሪት ግን አልነበረችም። «የናይሮቢ ዝንብ» የሚሏት፥ ዝንብ ያልሆነች፥ ቀይና ጥቁር ሆና ጉንዳን የምታህል ጥንዚዛ ናት። በዝናብ ወራት ወደ መብራት ትመጣለች፤ ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ በደምዋ ውስጥ ያለው መርዝ ያቃጥላል። ስንት ዓመት ሙሉ ሸረሪት በጥንዚዛ ኃጢአት ስትረገም ኖራለች! ለእናቴ ይህን ብነግራት «አንተ ደግሞ ለሸረሪት ጠበቃ ሆንህ» ብላ ስልኩን ለእኅቴ ሰጠቻት።

ከተመለስሁ በኋላ ስለ ስምዋ የተጻፈውን ፈለግሁ። በኮምፒዩተር ላይ ካገኘኋቸው የቆዩ ጽሑፎች አንዱ ሬጂናልድ ፖኮክ የተባለ የብሪትሽ ሙዚየም ሰው እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመው ነው። ርእሱ በእንግሊዝኛ ሲነበብ በቤተ መዘክሩ ስለሚገኙት «የኢትዮጵያ ክልል» ሸረሪቶች ይላል። ደስ ብሎኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገለጥሁት። ዛንዚባር አለ፤ ኬፕ አለ፤ ምዕራብ አፍሪካም አለ። እኔ እንደ ጠበቅሁት ስለ ጎጃምና ስለ ሸዋ የተጻፈ መጽሐፍ ግን አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ፊሊፕ ስክሌተር የሚባል እንግሊዛዊ ዓለምን በወፎችዋ ስድስት ቦታ ሲከፍል፥ ከሰሐራ በስተደቡብ ያለውን አፍሪካ ሁሉ የኢትዮጵያ ክልል አለው። እኛ ሳንጠየቅ አንድ ክፍለ ዓለም በስማችን ተጠርቶ ኖረ። ዛሬ ያ ስም ቀርቶ ሌላ ተተክቷል። ስሙ መሰጠቱም መነሣቱም በዚህ አገር ያወቀው ሰው ያለ አይመስለኝም።

የሸረሪቲቱም ስም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የመጀመሪያውን ስም ያወጣላት የበርሊን ቤተ መዘክር ሠራተኛ የነበረው ፈርዲናንድ ካርሽ ነው፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1885። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በዚያው ከተማ የኤውሮፓ መንግሥታት ስለ አፍሪካ ሲነጋገሩ የከረሙበት ጉባኤ ተፈጸመ። ሁለቱ ነገሮች አንድ ናቸው አልልም። ካርሽ መሬትዋን አልወሰደባትም፤ አልኮል ውስጥ የገባች ሸረሪት አይቶ ጻፈ እንጂ። ዳሩ ግን የሜዳው ካርታም፥ የሜዳው ሸረሪትም በአንድ ዓመት በአንድ ከተማ ጠረጴዛ ላይ መቅረባቸውን ካወቅሁ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። እ.ኤ.አ. በ1900 ደግሞ ያው ፖኮክ ለንደን ላይ ሌላ ናሙና አይቶ፥ አዲስ መስላው፥ ሲታሪስኪየስ ክሮሼይ አላት። የስሙ መጀመሪያ ኪታራ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ክራር የመሰለው መሣሪያ። እግርዋን እያፋተገች የምታሰማውን ድምፅ ማስታወሱ ነው። ሁለቱ ስሞች ከመቶ ዓመት በላይ ጎን ለጎን ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሪቻርድ ጋሎን የተባለ ተመራማሪ ሁለቱም አንዲት ሸረሪት መሆንዋን አሳየ፤ በሕጉም መሠረት የቀደመው ስም አሸነፈ። ሕጉ ትክክል ነው። ባለክራሩ ስም መቅረቱ ግን ያሳዝነኛል።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ በመጽሐፍ የሚገኝ ነው። ቀጥሎ ያለው አይገኝም።

በስድስተኛው ሳምንት ከከተማ አንድ ሰው በሞተር ብስክሌት መጣ። ክዳናቸው የተበሳ የፕላስቲክ ዕቃዎች በከረጢት ይዟል። ለአንዲት ትልቅ ሴት ሸረሪት ሦስት መቶ ሺሊንግ እንደሚከፍል ለመንደሩ ልጆች ነገራቸው። ምዜ ወዴት እንደሚወስዳቸው ጠየቁት። «ኡላያ» አለ፤ ኤውሮፓ ማለቱ ነው። ምዜም ረጋ ብለው «እዚያ ጉድጓድ አላት?» አሉት። ሰውዬው ሳቀና በእጁ የመስታወት ሣጥን ቅርጽ አሳያቸው።

በማግሥቱ ከልጆቹ ሁሉ ቀድሞ ጄምቤውን፥ ማለት ዶማውን፥ ይዞ የወጣው የምዜ የልጅ ልጅ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እንግሊዝኛ ከእኔ ይሻላል፤ ማታ ማታ ካልኩለስ እየጠየቀኝ እንደ ወንድም ሆነን ነበር። አንዱን ጉድጓድ ወገቡ ድረስ ቆፍሮ አገኘኋት። ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ቆፍሯል። እርስዋ ከታች እግርዋን አንሥታ ያንን የምጣድ ድምፅ ታሰማለች። የሐር ልባሱ በአፈሩ ላይ እንደ አሮጌ ካልሲ ተንጠልጥሏል።

«ይህች እኮ ካንተ ትበልጣለች፤ ሃያ ዓመት ሳይሆናት አይቀርም» አልሁት።

«አያቴ ሰባ አልፏቸዋል፤ ለእርሳቸውም የሚጠነቀቅ የለም» አለኝ።

«ቤትዋ ከፈረሰ ሁለተኛ እንዲህ ያለ አትቆፍርም።»

«ካካ» አለኝ፤ ወንድሜ ማለት ነው፤ «አንተ ጉድጓዱን ስትቈጥር የሚከፍልህ አለ?»

«የቀን አበል አለኝ።»

«ስትመለስስ?»

«ጽሑፍ እጽፍበታለሁ። ለመመረቂያዬ ይሆነኛል።»

«እንግዲያው ሁለታችንም እንወስዳታለን» አለና መቆፈሩን ቀጠለ። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ክፍያ ጥር ላይ ይጠበቅበታል።

በዚህ ንግግር ላይ ብዙ ቀን አሰብሁ። ልጁን የሚኰንን ልብ የለኝም። በኤውሮፓ በመስታወት ሣጥን የሚያኖሯትንም በጅምላ ለመርገም አይቻልም። ስንት ዓመት እንደምትኖር፥ በስንት ጊዜ ቆዳ እንደምትለውጥ፥ ዛሬ የምናውቀውን ብዙውን ነገር ያወቅነው እነርሱ በየማታው እያዩ ስለ መዘገቡ ነው። ከእነርሱም ውስጥ ከዱር የተቆፈረች አንገዛም የሚሉ አሉ። ዳሩ ግን እርስዋ ቀስ ብላ ስለምታድግ ከእንቁላል ጀምሮ አሳድጎ መሸጥ ለነጋዴ አያዋጣውም። ሃያ ዓመት አሳዳጊዋ አፈሩ ነው፤ ዋጋውን የሚቀበለው ሌላ ነው። ሦስት መቶ ሺሊንግ ለቆፋሪው፥ ለቀሩት ደግሞ የቀረው።

ሌላም ነገር አለ። ስለዚህች ሸረሪት የሚጻፈውን ያነበበ ሰው ሁሉ ቁጡ፥ ክፉ፥ በዓለም ካሉት ሸረሪቶች ተናካሽዋ መሆንዋን ያነብባል። እኔ በሁለት ወር 41 ጉድጓድ ቈጥሬአለሁ፤ ማታ ማታም ከምዜ ጋር በየደጃፋቸው ተቀምጫለሁ። የእግሬ ኮቴ ሲሰማት ሁሉም ያደረገችው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ውስጥ ገባች። እግርዋን አንሥታ ስትቆጣ ያየሁት ጉድጓድዋ የፈረሰባትን ብቻ ነው። መግቢያ ስታጣ ነው የምትቆመው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ጥቂት ጣት አፈር ተሰጥቷት የምትኖረው ደግሞ መቼም መግቢያ የላትም። ሰዎቹ ዋሹ አልልም። ያዩትን ጻፉ። ቤትዋን ግን አላዩም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ስመለስ ከ41ዱ 26 ጉድጓድ ቀርቶ ነበር። ልጁ በስልክ እንደ ጻፈልኝ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ገብቷል፤ ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። ከድንኳናችን ሃምሳ እርምጃ ላይ የነበረችውን ማንም እንዳይነካት ምዜ ከልክለዋል፤ ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም።

አሁን የምጽፈው ጽሑፍ የእነዚህን ጉድጓዶች አሰፋፈር የሚመለከት ነው። ከግራሩ ሥር ስንት፥ ከምስጥ ኵይሳ አጠገብ ስንት፥ ገላጣ ሣር ላይ ስንት እያልሁ ቈጥሬ፥ የእያንዳንዱን ቦታ በሳተላይት መለኪያ መዝግቤአለሁ። ያለ ካርታ ይህ ጽሑፍ ግማሽ ነው። ማንም ሰው ሄዶ ቈጠራዬን ሊያረጋግጥ አይችልም፤ የማይረጋገጥ ነገር ደግሞ ሳይንስ አይባልም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2017 ዴቪድ ሊንደንማየር የተባሉ የአውስትራሊያ ሳይንቲስት ከባልደረባቸው ጋር «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት «አታትሙ» የሚል ርእስ ሰጥተው ጽፈዋል። ብርቅ እንስሳት የሚገኙበትን ትክክለኛ ቦታ ማሳተም ለአዳኝና ለነጋዴ መንገድ መምራት ሆኗል ባይ ናቸው። ሞተር ብስክሌት ላለው ሰው የእኔ ካርታ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ስለዚህ ረቂቁን ያለ ካርታ አስረከብሁ። ወረዳውን ብቻ ጠቀስሁ፤ ምክንያቱንም በአንድ አንቀጽ አስረዳሁ። አስተማሪዬ ትጉህ ሰው ናቸው፤ ሁሉንም አንብበው፥ የሰዋስው ስሕተቴን ሁሉ አርመው፥ ያችን አንቀጽ ግን ምንም ሳይነኩ አልፈዋታል። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ በቀይ ቀለም «ካርታው የት አለ?» ብለው ጽፈዋል። ካርታው በመኝታ ክፍሌ መሳቢያ ውስጥ ነው። የመጨረሻው ማስረከቢያ ቀን ዓርብ ነው።